ሰባት ሰው የጎደለው አውቶቡስ

ኡሙሰልማ አብዱልሃኪም በስም ጉዳይ ቀልድ አታውቅም። ባጃጅ ነጂ «እዚያ ጋ ላውርድሽ?» ቢላት «እዚያ ማለት የት?» ብላ ታፋጥጠዋለች። ሱቅ በር ላይ ሌላ ሰው «ያቺን ነገር ስጠኝ» ሲል ከሰማች፣ ባይመለከታትም ዞር ብላ «የቷን ነገር?» ሳትል አታልፍም። ፍራንኮ ሰፈር ያሉ ጎረቤቶቿ ለምደዋታል፤ እሷ ስትመጣ ስለ ዕቃ የሚያወሩት በሙሉ ስሙ ነው።

ይህ ጠባይ ዝም ብሎ የመጣ አይደለም። የልደት ወረቀቷ ላይ ስሟ «ኡሙ ሰልማ» ተብሎ ለሁለት ተከፍሎ ተጻፈ። የስምንተኛ ክፍል ካርዷ ላይ «ኡምሰልማ» ሆነ። ኋላ ከፍተኛ ትምህርት ልትገባ ስትመዘገብ ደግሞ አንዱ መዝጋቢ ክፍተቱን አየና «ኡሙ»ን ስሟ፣ «ሰልማ»ን አባቷ፣ «አብዱልሃኪም»ን አያቷ አደረጋቸው። አባቷ አቶ አብዱልሃኪም በወጣትነታቸው ከከሚሴ መጥተው አዳማ ላይ የባጃጅ መለዋወጫ ሱቅ የከፈቱ ሰው ናቸው። ያን ወረቀት ባዩ ጊዜ «ጉድ እኮ ነው! ሰልማ የምትባል ሴትዮ አባትሽ ሆና፣ እኔን አያት አድርገው ጡረታ አወጡኝ!» አሉ። እስከ ዛሬም ክላች ሊገዛ ለሚመጣ ደንበኛ ሁሉ ይተርኩታል። ኡሙሰልማ ግን ስሟን ለማስተካከል አንድ ዓመት ሙሉ ከመስኮት መስኮት ተንከራትታለችና አያስቃትም።

አሁን ሠላሳ አራት ዓመቷ ነው። የምትሠራው ከአንድ ፋርማሲ በላይ፣ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ባለች፣ ሦስት ሰው ብቻ ባላት ድርጅት ውስጥ ነው። ባለቤቱ አቶ ብዙነህ ይባላሉ፤ በሥራ ቀን ኢንጂነር፣ እሑድ እሑድ ቤተ ክርስቲያናቸው ውስጥ ከመዘምራኑ ጋር ቤዝ ጊታር መቺ ናቸው። ሦስተኛው ፈይሳ ነው። ፈይሳ ጣቱ ፈጣን፣ ሆዱ ገር፣ ጨዋታው የማይጠገብ ልጅ ነው፤ ስም ለማውጣት ግን ሰነፍ። የጻፈው ፕሮግራም ሲከፈት «ኤክስ»፣ «ኤክስ ሁለት»፣ «አዲሱ»፣ «አዲሱ አዲስ» የሚሉ ስሞች ይተራመሱበታል። ኡሙሰልማ እነዚህን ስታይ ሰውነቷን የሚያሳክካት ይመስላታል።

ሦስቱ የሚሠሩት አንዲት ትንሽ መሣሪያ ነው። አውቶቡስ በር ላይ ትገጠምና የሚሳፈረውንና የሚወርደውን እየቆጠረች፣ ውስጥ ስንት ሰው እንዳለ ከሾፌሩ ራስ በላይ ባለ ስክሪን ታሳያለች። የመሣሪያዋ ፕሮሰሰር አራት ኮር አለው፤ አንድ ክፍል ውስጥ አራት ሠራተኛ ተቀምጧል እንደማለት ነው። ለአራቱ ሥራ የሚያከፋፍለው ከርነል የሚሉት የሶፍትዌሩ አስኳል ነው። ከርነሉ የኡሙሰልማ ግዛት ሲሆን ፈይሳም ያግዛታል።

የመጀመሪያዋ መሣሪያ ለሙከራ የተገጠመችው ከአዳማ አቦምሳ በሚመላለስ አንድ አውቶቡስ ላይ ነበር። በተገጠመች ማግስት፣ ቅዳሜ ጠዋት፣ ኡሙሰልማ አቦምሳ ያለችውን አክስቷን ሱሃይላን ልትጠይቅ በዚያው አውቶቡስ ተሳፈረች። እግረ መንገዷንም የእጇን ሥራ ልታይ ጓጉታለች።

ከመናኸሪያ ሲነሱ ወንበሩ ጢም ብሎ ሞልቷል፤ ስክሪኑ ግን «0» ይላል። ትንሽ ይዘገይ ይሆናል ብላ ጠበቀች። ከከተማው ሳይወጡ ሁለት ሰዎች በኋላ በር ወረዱ። ስክሪኑ ብልጭ አለና «−2» አለ።

«ሁለት ምን?» አለች ከኡሙሰልማ ጎን፣ ጭኗ ላይ ትልቅ የፕላስቲክ ባልዲ ታቅፋ የተቀመጠች ሴት።

«ሁለት ሰው ጎደለ ማለት ነው» አለ ከኋላ አንዱ።

«ከምኑ ላይ?»

ትንሽ እንደሄዱ ሦስት ተማሪዎች ወረዱ፤ «−5» ሆነ። አሁን ሰው ሁሉ መንገዱን ትቶ ስክሪኑን ያይ ጀመር። ባልና ሚስት ሻንጣቸውን እየጎተቱ ሲወርዱ ደግሞ አውቶቡሱ ውስጥ ያለው ሕዝብ በአንድ ድምፅ «ሰባት!» ብሎ ጮኸ።

በዚህ መሐል አንድ ትራፊክ ፖሊስ እጁን ዘርግቶ አስቆማቸው። ገብቶ ግራ ቀኙን አየና ዓይኑ ስክሪኑ ላይ አረፈ።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«የተሳፋሪ ብዛት የሚያሳይ ነው፤ አዲስ ቴክኖሎጂ» አለ ሾፌሩ፣ ቀና ብሎ ሳያየው በኩራት።

«ከዜሮ በታች ሰባት ነው የሚለው።»

ሾፌሩ ቀና ብሎ አየ። አፉን ከፈተ፣ ዘጋ፤ ከዚያ ቶሎ ብሎ «ይኸው፣ ትርፍ ላለመጫኔ ማስረጃ ነዋ!» አለ።

«ጌታው፣ እኛ የለንም እኮ፣ በማን ይቀጡታል?» አለች ባለባልዲዋ። አውቶቡሱ በሳቅ ተናወጠ። ፖሊሱም ሳቁን ዋጥ አድርጎ «በል ሂድ፤ ሰባት ሰው ጭነህ ባዶ ስትሆን ደውልልኝ» ብሎ ወረደ።

ያልሳቀችው ኡሙሰልማ ብቻ ናት። ሂጃቧን ወደ ግንባሯ ሳብ አድርጋ፣ ማን እንደሠራው እንዳይጠይቋት እስከ አቦምሳ ድረስ በመስኮት ስታይ ሄደች።

አክስቷ ቤት ምሳ እንደበላች ላፕቶፗን ከፈተች። ሩብ ሰዓት አልፈጀባትም። ከርነል ውስጥ ቁጥር የሚቀመጠው ስም በተለጠፈበት ሣጥን ነው እንበል። አራቱ ኮሮች አንድ ሣጥን ላይ ከተሻሙ ወይ ወረፋ ይጠባበቃሉ፣ ወይ አንዱ የጻፈውን ሌላው ይደልዘዋል። ስለዚህ ብልሃቱ ለእያንዳንዱ ኮር የራሱን ሣጥን መስጠት ነው፤ ስሙ አንድ፣ ሣጥኑ አራት። ጠቅላላውን የፈለገ አራቱንም ይደምራል። ፈይሳ ከሁለት ወር በፊት ይህን በሚገባ ሠርቶ ስሙን በአጭሩ «ሰው» አለው። ኋላ የስክሪኑን ክፍል ሲጽፍ ግን አራት መሆናቸውን ረሳና «ሰው»ን እንዳለ አንብቦ አሳየ። የፊቱን በር የሚቆጥረው አንደኛው ኮር ነው፣ የኋላውን ሦስተኛው። ስክሪኑ የሚሠራውም ሦስተኛው ላይ ነው። ሰዉ በፊት በር ገብቶ በኋላ በር ስለሚወርድ፣ ምስኪኑ ስክሪን ሰው ሲሄድ እንጂ ሲመጣ አይቶ አያውቅም። ቢሮ ውስጥ ሲሞክሩት ደግሞ በሩ አንድ ብቻ ነበርና ጉዱ አልታየም።

ሰኞ ጠዋት ኡሙሰልማ ቦርሳዋን እንኳ ሳታስቀምጥ ፈይሳ ጠረጴዛ አጠገብ ቆመች።

«ፈይሳ፣ ይሄ ‹ሰው› የሚለው ማነው?»

«ሰው ነዋ!»

«የማን ሰው?»

«የአውቶቡሱ።»

«አይደለም! የሦስተኛው ኮር ሰው ነው!»

ፈይሳ ወንበሩን አዙሮ ኮዱን አየና ራሱን አከከ። «ውይ፣ አራቱን መደመር ረስቻለሁ። ቆጠራው ግን እኮ ልክ ነው ኡሙ። አራቱን ብትደምሪ ትክክለኛው የሰው ብዛት ይመጣል።»

«የረሳኸው እኮ ስሙ ስላላስታወሰህ ነው። እንዲህ ላስረዳህ፤ ቤትህ ሆነህ ‹እማዬ› ብለህ ብትጣራ ማን ትመጣለች?»

«እማዬ ናታ። ጂቱ።»

«እኔስ ቤቴ ሆኜ ብጣራ?»

«ያንቺ እናት።»

«ቃሉ አንድ ነው አይደል? እናቶቹ ግን የየቤቱ ናቸው። አሁን አንተ እኛ ቤት መጥተህ ‹እማዬ፣ ራበኝ› ብትል…»

«እናትሽ ታበላኛለች» አለ ፈይሳ። «ባለፈው ዒድ አብልታኛለች።»

አቶ ብዙነህ ከጥግ ጠረጴዛቸው ሳቃቸው አመለጣቸው። ኡሙሰልማ ልትቆጣ አፏን ከፈተችና፣ ራሷ የተናገረችው ቃል ያዛት።

«የየቤቱ…» አለች ቀስ ብላ። «የየራሱ፣ የየሰፈሩ፣ የየኮሩ። ‹የየ›! ፈይሳ፣ ምልክቱን አገኘሁት!»

በዚያች ቅጽበት የድርጅቱ ሕግ ተወለደ። ለየኮሩ የተሰጠ ማንኛውም ሣጥን ስሙ በ«የየ» ይጀምራል፤ ኮድ በላቲን ፊደል ነውና በላቲን ይጻፋል። ቀጥሎ የቤተሰቡ ስም ይገባል፤ የበር ሥራ ከሆነ «በር»፣ የስክሪን ከሆነ «ስክሪን»። መጨረሻ ላይ ነገሩ ራሱ። እናም ያ እርቃኑን የኖረ «ሰው»፣ «የየ_በር_ሰው» ተባለ።

«የአያት ስምስ አይጨመርም?» አለ ፈይሳ።

«አያቶች ላይ አትቀልድ፤ አባቴ ሳይወድ በግድ ሆኖ ያውቃል።»

አቶ ብዙነህ ትንሽ አሰቡና «በሌላው ዓለም ግን ‹ፐር ሲፒዩ› ነው የሚሉት። ነገ የውጭ ሰው ኮዳችንን ቢያነብ ‹የየ› ምን ይመስለዋል?» አሉ።

«ጋሽ ብዙነህ፣ እነሱ ‹የየ› ስለሌላቸው ነው ያንን የሚሉት። ምን ያድርጉ?» አለች ኡሙሰልማ። ሕጉ ጸደቀ።

የሚሰየሙት ሣጥኖች ሠላሳ አንድ ነበሩ። ማክሰኞን ሙሉ ሁለቱ ጎን ለጎን ተቀምጠው ሲያጠምቁ ዋሉ። ፈይሳ መጀመሪያ እያላገጠ ነበር፤ ወደ ከሰዓት ግን ነገሩ ጣመውና የሻይ ኩባያዎቹ ላይ ሳይቀር ወረቀት ለጠፈ፤ «የየ_ሻይ_ኩባያ»። ኡሙሰልማ አይታ «ትክክል» አለች። የኮሪደሩ መጸዳጃ ቁልፍ ላይም «የየ_በር_ቁልፍ» ብሎ ሲለጥፍ ግን ተነስታ ቀደደችው። «ይሄ አንድ ነው፣ ያውም ከፋርማሲው ጋር የጋራ! እንዲህ ስለምትሰይም ነው አውቶቡሱ የተዋረደው!»

ሠላሳውን ሰየሙ። አንዱ ቀረ። እሱ «መጨረሻ» የሚባል፣ አንድ ሰው በር ላይ ለመጨረሻ ጊዜ ያለፈበት ሰዓት የሚያዝበት ሣጥን ነው። ለየኮሩ የተሰጠ መሆኑ እርግጥ ነው። ግን የኡሙሰልማ የራሷ ሥራ ነው፤ ድርጅቱ ሲከፈት መጀመሪያ የጻፈችው። ስታየው ደስ ይላታል። «ይሄ የታወቀ ነው» አለች ለራሷ፣ «ማንም አይሳሳተውም።» ማንም ማለት እሷ ማለቷ ነበር። አለፈችው።

አራቱ ሣጥኖች አሁን ስለሚደመሩ የትኛው ኮር እንደቆጠረ ለውጥ የለውም። ስለዚህ ሥራው እንዲቀል ብለው ከበሮቹ የሚመጣውን ምልክት እጁ ባዶ የሆነ ኮር ሁሉ እንዲቀበለው አደረጉ። ረቡዕ ደግሞ ፈይሳ አንድ ነገር አስተዋለ፤ በር ላይ ቆም የሚል ሰው ሁለት ጊዜ ሊቆጠር ይችላል። መፍትሔውን በአምስት ደቂቃ ጻፈው። በሩ ላይ ለመጨረሻ ጊዜ ምልክት ከመጣ ሦስት ሴኮንድ ካልሞላ፣ ያው ሰው ነውና አትቁጠር። ሰዓቱን ከየት ያግኝ? «መጨረሻ»ን አየ። «የየ» የለውም። እንግዲያው የጋራ ነው አለና ተጠቀመበት። ሕግ አክባሪ ሆኗላ!

ሐሙስ ጠዋት የትራንስፖርት ማኅበሩ ሊቀመንበር ኦቦ መርዳሳ መሣሪያውን ሊያዩ መናኸሪያ መጡ። ኦቦ መርዳሳ በዕድሜም በሰውነትም ትልቅ ሰው ናቸው፤ ከኋላቸው አምስት የኮሚቴ አባላት አስከትለዋል። አቶ ብዙነህ የእሑድ ኮታቸውን ለብሰው፣ ባዶውን አውቶቡስና «0» የሚለውን ስክሪን እያሳዩ ጥሩ ንግግር አደረጉ።

«በሉ እኔው ልጀምር» አሉ ኦቦ መርዳሳ።

አንድ እግራቸውን ደረጃው ላይ አሳረፉ። ሾፌሩ የድሮ ወዳጃቸው ኖሮ «አካም ጅርታ?» አሉት። ቤተሰቡን ጠየቁ። ሁለተኛ እግራቸውን አወጡ። ከብቶቹን ጠየቁ። በሩን ሞልተው እንደቆሙ ዝናቡን ጠየቁ። በሩ ላይ ያለው ሴንሰር እሳቸውን እያየ ምልክት በላይ በላዩ ይልካል፤ ምልክቱም አንዱ ለዚህ ኮር፣ አንዱ ለዚያ ኮር ይደርሳል። እያንዳንዱ ኮር የራሱን «መጨረሻ» ያያል፤ በእሱ በኩል እስካሁን ማንም አላለፈም፤ አንድ ብሎ ይቆጥራል።

ኦቦ መርዳሳ ሰላምታቸውን ጨርሰው ቀና ሲሉ ስክሪኑ «4» ይላል።

ሊቀመንበሩ ዞረው ኋላቸውን አዩ፤ ማንም የለም።

«ሌሎቹ ሦስቱ የታሉ?» አሉ።

ከኮሚቴው አንዱ ሊይዘው ሞክሮ ያልቻለው ሳቅ በአፍንጫው ወጣ። አቶ ብዙነህ የኮታቸውን ቁልፍ ይፈቱና ይቆልፉ ጀመር። ፈይሳ ግን የፊተኛው ወንበር ላይ ላፕቶፑን ከፍቶ ጣቶቹን ያሯሩጣል። ድንገት ቆመና ወደ ኡሙሰልማ ዘንበል ብሎ በሹክሹክታ «ኡሙ፣ ‹መጨረሻ› የጋራ ነው አይደል? ‹የየ› የለውም እኮ» አላት።

ኡሙሰልማ ማክሰኞ ሳትሰይም ያለፈችው ሣጥን ትዝ አላት። ዝም ብትል ፈይሳ ትናንት የጻፈው ነው የሚባለው፤ ሁሉም ያምናል፤ አመሉ ይታወቃላ። ወደ ፊት ወጣች።

«ኦቦ መርዳሳ፣ ጥፋቱ የእኔ ነው» አለች። «ሁሉም ነገር በሥርዓት ይሰየም ብዬ ሕግ ያወጣሁት እኔ ነኝ። ሠላሳውን አሰይሜ የራሴን አንዱን ተውኩት። ፈይሳ ደግሞ ሕጌን አምኖ እኔ በተውኩት ስም ተሳሳተ።»

ኦቦ መርዳሳ ነገሩ ሁሉ ገባቸው ለማለት ያስቸግራል፤ የሕጉ ነገር ግን በደንብ ገባቸው። ሆዳቸው እስኪንቀጠቀጥ ሳቁ።

«ልጄ፣ እኔም ለማኅበሩ ሕግ አወጣለሁ፤ መጀመሪያ የሚጥሰው የእኔው መኪና ነው። ደግሞ ባለቤቴ ‹የአራት ሰው ነው የምትበላው› ስትለኝ አላምናትም ነበር። በሉ፣ ለቅዳሜ ሳምንት አስተካክሉና አሳዩኝ።»

ያን ቀን ከሰዓት ኡሙሰልማ ቢሮ መመለስ አቅቷት አባቷ ሱቅ ገባች። አቶ አብዱልሃኪም የፍሬን ሸራ ከካርቶን እያወጡ ነበር። ቁጭ ብላ ሁሉንም ነገረቻቸው።

«እና ጥፋተኛው ማነው?» አሉ።

«እኔ ነኝ አባ።»

«በእርግጥ?»

«በእርግጥ።»

«አልሐምዱሊላህ!» አሉ እጃቸውን ወደ ላይ ዘርግተው። «ሌላ ሰው ቢሆን ኖሮ ወር ሙሉ ትነግሪኝ ነበር።»

ሳታስበው ሳቀች። ሳቋ ሳይበርድ ላፕቶፗን የዘይት ጣሳዎቹ መሐል አስቀመጠችና እዚያው «መጨረሻ»ን «የየ_በር_መጨረሻ» አለችው። ከዚያ ለፈይሳ እርማት የሚያገለግል፣ ለአራቱም አንድ የሆነ ሌላ ሣጥን ሠርታ በራሱ ስም ሰየመችው። አንድ ነገር ጨመረች፤ ኮዱን ሁሉ አንብቦ «የየ» የሚገባው ሆኖ የሌለው ሣጥን ካገኘ ሥራውን አላሳልፍም የሚል ትንሽ ፈታሽ ፕሮግራም። ፈታሹ የሰውን ፊት አያይም፤ የኡሙሰልማንም ቢሆን።

ፈይሳ ዓርብ ጠዋት ስታገኘው ሲያሾፍባት እንደሚውል ጠብቃ ነበር። እሱ ግን «ትናንት ዝም ብትዪ ኖሮ በእኔ ይላከክ ነበር» አለና ሻይ ቀዳላት። ያሾፈው ከሰዓት ነው።

በቀጠሮው ቅዳሜ ሁለቱ በአቦምሳው አውቶቡስ ተሳፈሩ፤ እሱ ፊት በር፣ እሷ ኋላ በር፣ በእጃቸው ብዕርና ወረቀት። የገባውን እሱ፣ የወረደውን እሷ እየጻፉ ሄዱ። ኦቦ መርዳሳ ስልካቸውን ይዘው አዳማ ይጠብቃሉ። አቦምሳ መግቢያ ላይ ወረቀታቸውን አገጣጠሙ። ስክሪኑ አርባ ሦስት ይላል፤ የእነሱ ሒሳብ አርባ አራት።

ፈይሳ ዝርዝሩን ከላይ እስከ ታች በጣቱ ሲፈልግ አንድ መስመር ላይ ቆመና ወደ ሦስተኛው ወንበር አመለከተ። አንዲት ሴት ጨቅላዋን ከጀርባዋ አውርዳ ታቅፋ ተቀምጣለች።

«እሷን ቆጥሬያታለሁ» አለ ሕፃኗን እያሳየ።

«ሴንሰሩ እኮ ከእናቷ ለይቶ አያያትም።»

«ታዲያ ሰው አይደለችም?»

እናትየው ሰማችና «ሲሃም ትባላለች፤ ሰው ናት፤ ትናንት አርባ ቀኗን ደፈነች» አለች ኮስተር ብላ።

ለኦቦ መርዳሳ ተደወለ። ጉዳዩ በዝርዝር ተነገራቸው።

«ትኬት ቆርጣለች?» አሉ።

«አልቆረጠችም።»

«እንግዲያው እስክትቆርጥ ድረስ ከእናቷ ጋር አንድ ናት። መሣሪያችሁ ልክ ነው፤ ለአሥራ ሁለት አውቶቡስ ይሠራልን።»

ፈይሳ አርባ አራትን ሰርዞ አርባ ሦስት ብሎ ጻፈ። ኡሙሰልማ ወረቀቱን ተቀብላ ከግርጌው፣ በጥንቃቄ፣ ሲሃም ከነአባቷ ስም ማን እንደምትባል ልትመዘግብ እናትየውን መጠየቅ ጀመረች። ሲሃም ግን ተኝታ ነበር።